ብዙ የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻዎችን በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት ማገናኘት ይቻላል

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ማጫወቻ የሚሰበስብ ሰው ዕቃዎቹን ከአንድ ቦታ አያገኛቸውም። የሸክላ ማጫወቻው ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ፣ ሪሲቨሩ (ራዲዮንና አምፕሊፋየርን በአንድ የያዘው ዕቃ) ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራ፣ ራዲዮኑ ደግሞ ከአያት ሳሎን የቀረ ግሩንዲግ ወይም ፊሊፕስ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ዕቃ በተሠራበት አገር ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ አንድ ላይ ሲሰካ አንዱ ይቃጠላል፣ አንዱ ዘፈኑን ያጓትታል፣ ሌላው እምም እያለ ሙዚቃውን ይሸፍናል። በእኔ እምነት ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ውድ ገመድ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ግራውንዱ (የመሬት መስመሩ)፣ በመጨረሻም የድምፅ ገመዱ።

1. ቮልቱን ከጀርባው ማንበብ

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ሲሆን እንደ አካባቢው 50 ወይም 60 ኸርዝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ጦር መደብሮች በኩል የተሸጡ ብዙ የጃፓን ሪሲቨሮች ጀርባቸው ላይ በሳንቲም ወይም በካቻቪቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ ስላላቸው፣ ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ እያለ ቀስቱን 220 ላይ፣ በሠፈርዎ መብራቱ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ 240 ላይ ማድረግ ይበቃል። ፊውዙም አብሮ ይቀየራል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ዕቃው የሚስበው አምፒር በግማሽ ስለሚቀንስ የ120 ቮልቱ ፊውዝ ሳይቀየር ከቀረ ጥበቃው ይላላል።

መምረጫ የሌለው ዕቃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ገበያ ላይ የሚበዛው 220ን ወደ 110 የሚያወርደው ሲሆን ለአሜሪካ ዕቃ ይስማማል። ለ100 ቮልት የጃፓን ዕቃ ግን 110 ብዙ ነው፤ ዕቃው ለጊዜው ቢሠራም ከሚገባው በላይ እየጋለ ስለሚቆይ 100 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር ማስጠቅለል ይሻላል። ትራንስፎርመሩን ሲመርጡ ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት አይተው እጥፉን የሚችል ይግዙ።

2. ትራንስፎርመር የማይፈታው ችግር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በቀበቶ የሚሠሩ ብዙ የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚያገኘው በቀጥታ ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ እንዲህ ያለ ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል። በደቂቃ 45 ዙር መሆን የነበረበት 37.5 ይሆናል፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ከመሠረተው አምሃ ሪከርድስ የወጣ ሸክላ ቢያስቀምጡበት ዘፋኙ በሕመም የደከመ ይመስላል፣ ሳክስፎኑም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ዘፈን በትክክለኛው ፍጥነት ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ዘፈኑ እንዲያ ነው ብሎ ሊቀበለው መቻሉ ያሳዝነኛል።

መፍትሔው ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ቀበቶው የሚጠመጠምባትን ትንሽ ፑሊ በ50 ኸርዟ መቀየር ነው። የ50 ኸርዟ ፑሊ ዙሪያዋ በአንድ ነጥብ ሁለት እጥፍ ስለሚሰፋ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቶረንስን የመሳሰሉ የታወቁ ማጫወቻዎች ለሁለቱም ኸርዝ የሚሆን ፑሊ ነበራቸው፤ ዛሬም ይገኛል። በአንጻሩ እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ያሉት፣ ሞተራቸው ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞርና ፍጥነታቸው በኳርትዝ የሚጠበቅ ማጫወቻዎች የመብራቱ ኸርዝ አይነካቸውም። ስለዚህ ከአሜሪካ ማጫወቻ የሚያስመጣ ሰው ሐሳቤን ቢጠይቀኝ ያለማመንታት ይህን ዓይነት እመክረዋለሁ።

ፍጥነቱን ለማረጋገጥ ሸክላው ላይ የሚቀመጥ ባለ ነጠብጣብ ክብ ወረቀት አለ። በ50 ኸርዝ መብራት ለ33⅓ ዙር የሚያገለግለው ቀለበት 180 ነጠብጣብ ሲኖረው፣ የ60 ኸርዙ 216 አለው። ወረቀቱን በፍሎረሰንት ወይም ክር ባለው አምፖል ብርሃን ይመልከቱት፤ ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች ለዚህ አይሆኑም። ነጠብጣቦቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው።

3. ለዓመታት የተዘጋን ዕቃ መክፈት

በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) በዕድሜ ስለሚበላሹ ዓመታት የተቀመጠ ሪሲቨር በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። በመብራቱ መስመር ላይ ክር ያለው የ100 ዋት አምፖል በተከታታይ ይገባና ዕቃው ያለ ስፒከር ይከፈታል። አምፖሉ አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ምልክት ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ውስጡ ሾርት አለና ወዲያውኑ ነቅለው ለባለሙያ ይስጡት። አንድ ጓደኛዬ ይህን ትቶ ትልቅ ሪሲቨር ቀጥታ ሰካና ትራንስፎርመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ጨሰ፤ የቤቱ መጋረጃ ለቀናት ይሸት ነበር። አምፖሉን መስመር ውስጥ የማስገባቱን ሥራ ኤሌክትሪክ ለማያውቅ ሰው አልመክርም።

4. እምም የሚለውን ድምፅ ማጥፋት

ሁሉንም ማጫወቻዎች በአንድ ሶኬትና በአንድ ጥሩ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ግማሹ ከሳሎን ግድግዳ፣ ግማሹ ከኮሪደር ሲሰካ በሁለት የግራውንድ መንገዶች መካከል የሚዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ በድምፅ ገመዱ ውስጥ ያልፍና እምም ይላል። ከሸክላ ማጫወቻው የምትወጣው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ሸክላው በሚሰካበት ሪሲቨር ጀርባ ካለው የግራውንድ ብሎን ላይ ትታሰር፤ ሌላ ቦታ አያስፈልጋትም።

ድምፁ ካልጠፋ መንስኤውን በግምት አይፈልጉት። የድምፅ ገመዱን በሙሉ ነቅለው ሪሲቨሩንና ስፒከሩን ብቻ ይክፈቱ። ዝም ካለ ሪሲቨሩን እያጠፉ አንድ ዕቃ ይጨምሩ፣ ይክፈቱ፣ ያዳምጡ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። አሰልቺ ይመስላል፤ ቢሆንም ጥፋተኛውን ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በእኛ ቤቶች ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ማንም የማይጠረጥረው የዲሽ ገመድ ነው። ቴሌቪዥኑ ከሪሲቨሩ ጋር ሲገናኝ ከጣሪያው የሚወርደው ገመድ ሌላ የግራውንድ መንገድ ይከፍታል። የዲሹን ገመድ ከዲኮደሩ ላይ ሲፈቱት ድምፁ በቅጽበት ጸጥ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። ያን ጊዜ በቴሌቪዥኑና በሪሲቨሩ መካከል ትንሽ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ወይም ቴሌቪዥኑን በኦፕቲካል ገመድና የኦፕቲካሉን ምልክት ለድሮ ሪሲቨር ወደሚሆን ድምፅ በሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ማገናኘት ይበቃል። ባለ ሦስት እግር ፕላግ ላይ ያለውን የግራውንድ እግር መስበር ግን ሰው ሊገድል የሚችል ነውና በፍጹም አይሞከር።

5. የድምፅ ገመዶችና ስፒከሮች

ሸክላ ማጫወቻ ፎኖ ከተባለው ቀዳዳ ውጭ አይሰካም። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ ወደ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ መጠኑን የሚያሳድገውና የባስና የቀጭኑን ሚዛን የሚመልሰው ይህ ቀዳዳ ነው። ሴራሚክ መርፌ ያላቸው የድሮ ማጫወቻዎች ግን በተራ ቀዳዳ ይሠራሉ። ካሴትና ሪል ቴፕ ወደ ቴፕ ቀዳዳ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ኦክስ ይገባል። ቀዳዳው ካነሰ መቀያየሪያ ሳጥን ይጨመራል፤ የሸክላው ገመድ ግን በሳጥኑ አይለፍ። ባለ አምስት እግር ክብ ፕላግ ያላቸው የጀርመን ዕቃዎች በመለወጫ ገመድ ይገናኛሉ፤ ሙዚቃው በ3ኛና በ5ኛው እግር ይወጣል፣ 2ኛው ግራውንድ ነው።

አንድን ጥንድ ስፒከር ለሁለት ሪሲቨር የሚያጋራ ሰው ሁለቱንም ሽቦዎች፣ ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም፣ አንድ ላይ የሚቆርጥ መቀያየሪያ ይግዛ። ኔጋቲቩን በጋራ የሚያስሩ ርካሽ ሳጥኖች አንዳንድ አምፕሊፋየሮችን ያቃጥላሉ። ኤ እና ቢ በተባሉት ሁለት የስፒከር መውጫዎች ላይ የተሰኩ ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በብዙ ሪሲቨሮች አብረው ሲከፈቱ 4 ኦም ስለሚሆኑ ከጀርባው የተጻፈውን ዝቅተኛ ልክ ያንብቡ።

6. አቀማመጥና የዕለት አያያዝ

ሪሲቨር ላይ ዳንቴል አይነጠፍ፤ የሙቀት መውጫውን ይዘጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃው ቆላ ካለው በባሰ ይግላል፤ በመሆኑም ከላዩ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተው። ሸክላ ማጫወቻና ስፒከር በአንድ ቡፌ ላይ አይቀመጡም።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ማብሪያ ያጥፉ፤ ሲመጣም ቮልቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ፕላስተር ለጥፈው ስሙን ይጻፉበት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ በደብተር አንድ ገጽ ይስጡና ቮልቱን፣ የትኛው ትራንስፎርመር እንደሚስማማው፣ የቀበቶውን ልክና ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበትን ቀን ይመዝግቡ። በየሦስት ወሩ ገጾቹን አገላብጠው ያልተከፈተውን ዕቃ ለአንድ ሰዓት ያህል ያጫውቱት።