ቤት ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ይመስላል። ዕቃ የሚሰበረው፣ ከጫኝ ጋር ጭቅጭቅ የሚነሳው፣ ማታውን ያለ መብራትና ያለ ውሃ የሚታደረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሱዙው በር ላይ ከመቆሙ በፊት ባለው ሳምንት ሳይሠሩ በቀሩ ነገሮች ነው።

አዲሱን ቤት ባዶ ሳለ አለመፈተሽ

ዕቃ ከገባ በኋላ የፈሰሰ ቧንቧ ማሠራትም፣ በረሮና ትኋን ማስረጨትም በእጥፍ ይከብዳል። ቁልፉን እንደተረከቡ፣ ከመግባትዎ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት ሁሉንም ቧንቧ ከፍተው ይዩ፤ ሽንት ቤቱን ይልቀቁ፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። የመግቢያውን በር የቁልፍ ሲሊንደርም ያስቀይሩ፤ ከቀድሞው ተከራይ እጅ ስንት ቁልፍ እንደቀረ ማንም አያውቅም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ውሃ አለ» የሚለው የደላላ መልስ አይበቃም። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶ ካለ ስንት ሊትር እንደሚይዝና ለስንት ቤት እንደሚከፋፈል፣ ላይኛው ፎቅ ድረስ የሚገፋ ፓምፕ መኖሩን ጎረቤት ይጠይቁ።

ቆጣሪው ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱ እጅዎ መግባቱንና መሥራቱን ያረጋግጡ። በየወሩ የሚከፈልበት ከሆነ የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ደረሰኝ አስቀርበው ውዝፍ እንደሌለ ይዩ፤ የቆጣሪውን ንባብ አከራዩ ባለበት ፎቶ ያንሱ። ይህ ካልተደረገ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ ከእርስዎ ፍጆታ ጋር ይቀላቀልና መለየት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ደግሞ አይዝለሉ፦ የምጣድ መስመር። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ይህ የተለመደው ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። ለሰዓት ያህል እንጀራ ሲጋገርበት ሶኬቱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም እሳት ያስነሳል። ወጥ ቤቱ ራሱን የቻለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ያለው መስመር ከሌለው ከመግባትዎ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሠሩ።

ያለ ጽሑፍ ውል መግባት

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስድስት ወር በአንዴ የሚጠይቅ አከራይ ሲያጋጥም ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የተላጠ ቀለም ካለ በዕለቱ በፎቶ ይያዝ።

ሶፋውን ሳይለኩ ማስጫን

ኮንዶሚኒየም ላይ ችግር የሚፈጥረው ከበሩ ይልቅ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ረጅም ሶፋ፣ ብፌና ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተጋድሞ ይቀራል፤ ከዚያ መውረጃውም ይጠፋል። የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን ስፋትና መታጠፊያው ላይ ያለውን ክፍት ቦታ በሜትር ለክተው ይጻፉ፤ ከዚያ የትልልቆቹን ዕቃዎች ርዝመት፣ ቁመትና ጥልቀት ይለኩ። ሶፋ ብዙ ጊዜ በጎኑ ቆሞ ይገባል፤ ስለዚህ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለው ቁመትም ይለካ። በበረንዳ በገመድ መሳብ የለመዱ ሰዎች ካልሠሩት ዕቃም ሰውም ይጎዳል።

የቺፕውድ ቁምሳጥን በበሩ ካለፈ ሙሉ በሙሉ አይፈታ። ቺፕውድ ብሎኑ አንዴ ከወጣ ዳግም አጥብቆ አይዝም። በሮቹንና መደርደሪያዎቹን ብቻ አውጥተው፣ ሳይጎተት ተነሥቶ ይሂድ። አልጋ ግን ይፈታል፤ ብሎኖቹን በትንሽ ፌስታል አድርገው እዚያው አልጋው ጎን ላይ በፕላስተር ይለጥፉ።

ዋጋን በግማሽ መነጋገር

ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው። ከባለመኪናው ጋር «ይህን ያህል» ተብሎ ያልቃል፤ መድረሻው ላይ ግን የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ይመጣሉ፣ አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ተጨማሪ ይጠየቃል፣ ዕቃው መኪና ላይ ነው፣ ሾፌሩ ቸኩሏል። በዚያ ሰዓት የመደራደር አቅም የለዎትም።

ስለዚህ ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገሩ ስንት ምልልስ እንደሆነ፣ የመጠበቂያ ሰዓት ይታሰብ እንደሆነ፣ ጫኝ ይዞ ይመጣ እንደሆነ ይለዩ። የጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ያለባቸው መንገዶች ስላሉ መንገዱንና ሰዓቱንም አብራችሁ ወስኑ። ከአንድ ቀን በፊት አዲሱ ሰፈር ሄደው እዚያ የሚሠሩትን ጫኝና አውራጆች ያግኙ፤ የከባድ ዕቃውን ዝርዝር አሳይተው፣ ፎቁን ተናግረው፣ «እስከ ክፍሉ ውስጥ ድረስ» የሚል ቃል አስገብተው ይስማሙ። «ማውረድ» ሲባል እነሱ ከመኪና ወደ መሬት ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ጠቡም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተስማሙበትን ብር በስልክ መልእክት ይላኩላቸው፤ ክፍያው የመጨረሻው ካርቶን ከገባ በኋላ ይሁን።

ዕቃን እንደመጣ መክተት

መጽሐፍ በትልቅ ካርቶን ከተሞላ ታቹ ይቀደዳል፤ በትንሽ ካርቶን ከ15 ኪሎ ሳይበልጥ ይያዝ፣ ታቹም በፕላስተር በመስቀለኛ ይታሸግ። ልብስና ብርድ ልብስ ለማዳበሪያ ይመቻል። ሳህን አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ ከተደረደረ መኪናው በዘለለ ቁጥር ክብደቱ የታችኛው ላይ ያርፋል፤ እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልለው በጠርዙ ያቁሙት። ጀበና የሚሰበረው አንገቱና ጆሮው ስለሆነ እነሱን ለብቻ በጨርቅ ይጠቅልሉ። የካርቶኑን ስም ክዳኑ ላይ አይጻፉ፣ ሲደራረብ አይታይም፤ ሁለት ጎኑ ላይ የሚገባበትን ክፍል ይጻፉ።

ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የልደት ካርድና መድኃኒት ከመኪናው ጋር አይላኩ። በእጅ ይያዙ።

ፍሪጅን፣ ምጣድንና ሲሊንደርን እንደ ሌላ ዕቃ ማየት

ፍሪጅ ከአንድ ቀን በፊት ተነቅሎ በረዶው ይቅለጥ፣ ይድረቅ፣ በሩ ይታሰር። ቆሞ ይሂድ። ከተጋደመ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ጋዙ ቱቦ ይገባል፤ ወዲያው ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ይሠራና ሊቃጠል ይችላል። ቆሞ ከመጣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት፣ ተጋድሞ ከመጣ ግን 24 ሰዓት ቆሞ ይቆይ።

የምጣዱ ሽቦ ከሸክላው ሥር ተቀብሮ የተደፈነ ስለሆነ አንድ ጠንካራ ምት ሸክላውን ሳይሰብር ሽቦውን ሊበጥስ ይችላል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይነካ፤ አግድም ሆኖ ፍራሽ ላይ ይቀመጥ፣ ምንም አይጫንበት። ደርሶ ከመሰካቱ በፊት ሥሩን ይመልከቱ፤ የተጋለጠ ሽቦ ሰው ይገድላል።

የጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሬጉሌተሩ ወልቆ፣ ቆሞ በክፍት መኪና ይሂድ፤ ሰው ባለበት ዝግ መኪና ውስጥ አይግባ። ሲገጠም መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ አረፋው ከነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃው ከቱቦውና ከማጣሪያው ይውጣ፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ከበሮውን የያዙት የጀርባ ብሎኖች ካሉ ይገጠሙ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ መውጣታቸውን አይርሱ።

ቡሃቃ ይዞ መጓዝ

የተቦካ ሊጥ አይሱዙ ላይ አይጫንም፤ ይደፋል። ከሦስት ቀን በፊት አቡክተው ዋዜማውን ይጋግሩ፤ እንጀራው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያደርሳል። እርሾው በትንሽ ዕቃ ይያዝ፣ ክዳኑ ግን አይጥበቅ፤ ጋዝ ስለሚፈጥር ይገነፍላል። ሽሮ፣ በርበሬና ዘይት በአንድ ካርቶን አይቀመጡ።

ሰዓቱን አለማሰብ

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና ጭነቱ ጠዋት በ12 ሰዓት ይጀመር፤ ሸራ ያለው መኪና ይምረጡ። ፍራሽ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም።

ወረዳውን፣ ትምህርት ቤቱንና እድሩን ለኋላ ማቆየት

ከነበሩበት ወረዳ መሸኛ ሳይዙ አዲሱ ወረዳ በነዋሪነት መመዝገብ አይቻልም፤ አሮጌውን ቤት ከመልቀቅዎ በፊት ይውሰዱት። የልጆች መልቀቂያም ያልተከፈለ የትምህርት ክፍያ ካለ ይያዛል። እድሩን ደግሞ ወዲያው አይልቀቁ። ብዙ እድሮች ለአዲስ አባል የመግቢያ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ሙሉ አገልግሎት የሚጀምረውም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ነው። ለአዲሱ ሰፈር እድር ተመዝግበው መብትዎ እስኪጸና ድረስ የቀድሞውን ወርሃዊ መዋጮ ይቀጥሉ፤ ለመለፈፊያ እንዲያገኙዎትም አዲሱን አድራሻና የሁለት ቤተሰብ ስልክ ለጸሐፊው ያስመዝግቡ።