የአንጎልን ትስስር በኤምአርአይ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንጎልን ትስስር በኤምአርአይ የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ማሽኑ የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ በቀጥታ እንደማይለካ ነው። በ1990 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ዘዴ የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ለውጥ ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት የሚለወጠው ምልክት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ሕዋሳቱ ከሠሩ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው። በ1995 ባራት ቢስዋል ከባልደረቦቹ ጋር በዊስኮንሲን የሕክምና ኮሌጅ ባደረገው ጥናት፣ ሰዎች ምንም ሥራ ሳይሰጣቸው በማሽኑ ውስጥ ጋደም ባሉበት፣ የግራና የቀኝ እጅን እንቅስቃሴ የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ምልክታቸው አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳየ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው የዕረፍት ጊዜ ትስስር ጥናት መነሻው ይህ ግኝት ነው። የራሱ ማሽን የሌለው የድኅረ ምረቃ ተማሪም፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ለተመራማሪዎች የተከፈቱ ዳታዎችን ወስዶ መሥራት ይችላል። ቀጥዬ የማነሣቸው ስህተቶች በተለይ ዳታውን በራሱ እጅ ያልሰበሰበ ተመራማሪ በቀላሉ የሚወድቅባቸው ናቸው።

የመጀመሪያውና የብዙዎቹ ሥር የሆነው ስህተት ተዛምዶን እንደ ሽቦ መቁጠር ነው። «ተግባራዊ ትስስር» የሚባለው በሁለት የአንጎል ክፍሎች ምልክቶች መካከል የሚሰላ ስታትስቲካዊ ተዛምዶ እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘረጋ የነርቭ መስመር አይደለም። በአንድ የመብራት መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች መብራታቸው አብሮ ቢጠፋና አብሮ ቢበራ፣ አንደኛው ቤት የሌላውን መብራት አጥፍቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም የሚመግብ ሦስተኛ ምንጭ አለ። በአንጎልም እንዲሁ ነው። ኮርፐስ ካሎሰም የሚባለው፣ የግራና የቀኙን ንፍቀ አንጎል የሚያገናኘው ትልቁ የነርቭ ድልድይ ሳይኖራቸው የተወለዱ ሰዎች ሲጠኑ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ተግባራዊ ትስስር በአብዛኛው እንዳለ ተገኝቷል። ድልድዩ በሌለበት ተዛምዶው ካለ፣ ተዛምዶው ስለ ድልድዩ ብቻውን ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ በጽሑፋችን ውስጥ «ክፍል ሀ ከክፍል ለ ጋር የተገናኘ ነው» ከማለት ይልቅ «የክፍል ሀ ምልክት ከክፍል ለ ምልክት ጋር ይዛመዳል» ማለቱ ትክክል ነው። የተፅዕኖን አቅጣጫ በተመለከተ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። የአንዱ ክፍል ምልክት ከሌላው ስለቀደመ ብቻ ቀዳሚው መንስኤ ነው የሚሉ ስሌቶች፣ የደም ሥሮች ምላሽ ከቦታ ቦታ በሰከንድና ከዚያም በላይ እንደሚለያይ ይዘነጋሉ፤ መንስኤ የተባለው ክፍል ፈጣን የደም ምላሽ ያለው ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ነው፤ የጭንቅላት እንቅስቃሴን አቅልሎ ማየት ማለቴ ነው። በ2012 በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ የሃርቫርድና የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ባወጧቸው ሥራዎች ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ እንኳ የትስስር ውጤትን እንደሚያዛባ አሳዩ። አሳሳቢው ነገር የመዛባቱ ዓይነት ነው። እንቅስቃሴ ሁሉንም ትስስር እኩል አያዛባም፤ በተቀራረቡ ክፍሎች መካከል ያለውን ተዛምዶ ከፍ ያደርጋል፣ በተራራቁት መካከል ያለውን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ በሰፊው ይነገር የነበረው ሐሳብ ልጆች ሲያድጉ የቅርብ ትስስራቸው እየቀነሰ የሩቁ እየጠነከረ ይሄዳል የሚል ነበር። ትንንሽ ልጆች ከትልልቆቹ ይልቅ ጭንቅላታቸውን ስለሚያንቀሳቅሱ፣ የዕድገት ምልክት ተብሎ የተዘገበው ነገር ቢያንስ በከፊል የእንቅስቃሴ ውጤት ሆኖ ተገኘ። አረጋውያንም፣ ኦቲዝም ያለባቸውና ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ያለባቸው ልጆችም ከንጽጽር ቡድናቸው ይልቅ የሚንቀሳቀሱት በአማካይ ስለሚበዛ፣ ያው ወጥመድ በእነዚህም ጥናቶች ውስጥ አለ።

መፍትሔው ከቀረጻው በፊት ይጀምራል። ተሳታፊው ምን እንደሚገጥመው፣ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚጮህ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ጭንቅላቱም በስፖንጅ በደንብ ቢደገፍ፣ ኋላ በኮምፒዩተር ከሚደረግ ማንኛውም እርማት የተሻለ ይሠራል። ለልጆች ደግሞ በማይሠራ፣ ነገር ግን ማሽኑን በሚመስል ዕቃ ውስጥ አስቀድሞ ማለማመድ በእጅጉ ይጠቅማል። ከቀረጻው በኋላ በእያንዳንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ጭንቅላቱ የተንቀሳቀሰበትን መጠን ማስላት፣ ከተወሰነ ገደብ ያለፉትን ምስሎች ከስሌቱ ማውጣት፣ ቡድኖቹም በእንቅስቃሴ መጠን ተመጣጣኝ መሆናቸውን ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙዎች ገደቡን 0.2 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ያደርጉታል። እዚህ ላይ ግን ሌላ አደጋ ይመጣል፤ የተንቀሳቀሱትን ሁሉ ከጥናቱ ስናወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጣው ሕመሙ የጠናባቸውን ነው። ስንት ሰው እንደወጣና የወጡት ከቀሩት በምን እንደሚለዩ ያልገለጸ ጥናት ስለ የትኞቹ ሕሙማን እንደሚናገር አንባቢው ማወቅ አይችልም።

ከእንቅስቃሴ ጋር የሚቀራረበው ስህተት የተሳታፊውን ሁኔታ መዘንጋት ነው። «ዕረፍት» የምንለው ጊዜ አንድ ወጥ ሁኔታ አይደለም። በዕረፍት ጊዜ ከሚቀረጹ ሰዎች ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ንቃታቸው እየቀነሰ ወደ እንቅልፍ ማዘንበል እንደሚጀምር በአንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት አማካይነት ታውቋል፤ እንቅልፍ ደግሞ ትስስሩን ይለውጠዋል። የትንፋሽ አወሳሰድ በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ በእርሱም በኩል የመላውን አንጎል ምልክት ይለውጣል። ካፌይን የአንጎል ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቡና ከማለዳ ጀምሮ በሚጠጣበት ማኅበረሰብ ውስጥ ተሳታፊው መቼና ምን ያህል እንደጠጣ መጠየቅና መመዝገብ ግድ ይላል። እንዲያው «አትጠጡ» ብሎ ማዘዝም ብቻውን አይበቃም፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲተው የአንጎሉ የደም ፍሰት በተቃራኒው ይጨምራል። የመላ አንጎል አማካይ ምልክትን ከዳታው መቀነስ የትንፋሽንና የእንቅስቃሴን ጫና በእጅጉ ያቃልላል፤ ሆኖም ስሌቱ በራሱ አሉታዊ ተዛምዶዎችን ሊፈጥር እንደሚችል በ2009 ስለታየ፣ ከዚህ እርምጃ በኋላ «እነዚህ ሁለት መረቦች ይቃረናሉ» ብሎ መደምደም አይገባም። ውጤቱን በሁለቱም መንገድ ሠርቶ ማቅረቡ ይሻላል።

የቀረጻ ጊዜን ማሳጠርም የተለመደ ስህተት ነው። ለረዥም ዓመታት 5 ወይም 6 ደቂቃ ይበቃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ለቡድን አማካይ ሊበቃ ይችላል፣ ስለ አንድ ግለሰብ አንጎል ለመናገር ግን አይበቃም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ 10 ሰዎች ብቻ ተመርጠው እያንዳንዳቸው በዕረፍት ላይ ሳሉ 5 ሰዓት በተቀረጹበት ጥናት፣ በአማካይ ካርታ ላይ የማይታዩ የግለሰብ ልዩነቶች ወጥተው ታይተዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የናሙና ብዛት ነው፤ እዚህ ላይ ዘርፉ ከራሱ ጋር በብርቱ መነጋገር ነበረበት። በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣ፣ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን ዳታ ያካተተ ሥራ እንዳሳየው፣ በአንጎል ትስስርና እንደ የማሰብ ችሎታ ወይም የአእምሮ ጤና ባሉ የግለሰብ ባሕርያት መካከል ያለው ተዛምዶ በጣም ደካማ በመሆኑ አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የዘርፉ ጥናቶች የተለመደ ናሙና ግን 25 ሰው አካባቢ ነበር። በትንሽ ናሙና ጉልህ ሆኖ የሚወጣ ተዛምዶ ከእውነተኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ተጋኖ የወጣ ስለሆነ፣ ሌላ ቡድን ሲደግመው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይህን ስል ትንሽ ናሙና ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በአንድ ሰው ውስጥ ከሥራ ሥራ የሚታይ ልዩነት ወይም ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ከባድ ለውጥ በጥቂት ሰዎች በሚገባ ሊጠና ይችላል። ስህተቱ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ በጥቂት ሰው መጠየቅ ነው።

የንጽጽር ብዛትን አለማረም ያንኑ ያባብሳል። አንጎልን ወደ 360 ክፍሎች የሚከፍል የታወቀ አትላስ (የአንጎል ክፍሎች ካርታ) ብንጠቀም፣ በክፍሎቹ መካከል 64,620 ጥንዶች ይኖራሉ፤ በመካከላቸው አንድም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ በ5 ከመቶ ገደብ 3,231 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ «ጉልህ» ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ ደስ የሚሉትን መርጦ ታሪክ መሥራት ቀላል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጉልህ የሆኑትን ጥንዶች ከመረጠ በኋላ በዚያው ዳታ ላይ የተዛምዷቸውን ብርታት ይለካል፤ ይህ አዙሪት ስለሆነ ምርጫውና ልኬቱ በተለያየ ዳታ ላይ መደረግ አለባቸው። የትንተና ምርጫዎች ራሳቸው ምን ያህል ውጤት እንደሚለውጡ በ2020 ታይቷል፤ 70 የምርምር ቡድኖች አንድ ዓይነት የኤምአርአይ ዳታ ተሰጥቷቸው ዘጠኝ መላምቶችን እንዲፈትሹ ሲደረግ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት መንገድ የተከተሉ ሁለት ቡድኖች እንኳ አልተገኙም፤ በበርካታዎቹ መላምቶች ላይም መልሳቸው ተለያይቷል። አትላሱን፣ የማጣሪያ እርምጃዎችንና ዋናውን ጥያቄ ዳታውን ከማየት በፊት ጽፎ ማስመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተግባራዊ ትስስር ነው። መዋቅራዊ ትስስርን የሚያጠኑ ሰዎች የውሃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ተከትለው የነርቭ ጭራዎችን (ከነርቭ ሕዋስ የሚወጡ፣ ምልክት የሚያስተላልፉ ረዣዥም ክሮችን) መንገድ ይሥላሉ፤ እዚህ ያለው ስህተት በኮምፒዩተር የተሠሩትን ውብ መስመሮች እንደ እውነተኛ የነርቭ ጭራዎች ማየት ነው። አንድ የነርቭ ጭራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ማይክሮሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የምስሉ ትንሿ ኪዩብ ግን በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊሜትር ያህል ናት፤ በውስጧ የሚያቋርጡ፣ የሚጎብጡና የሚለያዩ ጭራዎች ተደባልቀው ይገኛሉ። በ2017 የታተመ ውድድር 20 ቡድኖችን መልሱ አስቀድሞ በታወቀ ሰው ሠራሽ ዳታ ላይ ፈትኖ፣ ስሌቶቹ አብዛኞቹን እውነተኛ የጭራ እሽጎች ቢያገኙም፣ የፈጠሯቸው የሌሉ እሽጎች ከእውነተኞቹ እንደሚበዙ አሳይቷል። በተጨማሪ የመስመሮች ቁጥር ከነርቭ ጭራዎች ቁጥር ጋር አንድ አይደለም፤ የመስመሩ ርዝመት፣ ጉብጠትና የስሌቱ አመዳደብ ቁጥሩን ይለውጡታል። «በሕሙማን ላይ የጭራዎች ቁጥር በ10 ከመቶ ቀንሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከእንዲህ ያለ ዳታ ሊወጣ አይችልም።

በማመሳከሪያ አንጎልና በናሙና ምንጭ ላይ የሚሠራው ስህተት ለእኛ አንባቢዎች የተለየ ክብደት አለው። የእያንዳንዱ ሰው ምስል ወደ አንድ የጋራ ቅርጽ ይለጠጣል፤ በብዛት የሚያገለግለው ቅርጽ በካናዳ ሞንትሪያል የተዘጋጀ፣ ከ152 ወጣት ጤነኞች ምስል የተሠራ አማካይ ነው። የሕፃን፣ የአረጋዊ፣ ዕጢ ያለበት ወይም ስትሮክ የጎዳው አንጎል ወደዚህ ሲለጠጥ ሊዛባ ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን ሰው ውጤት በዓይን ማየት ግዴታ ነው። ትላልቆቹ የክፍት ዳታ ስብስቦችም ማንን እንደሚወክሉ ይጠየቅ፤ የእንግሊዙ ዩኬ ባዮባንክ የመዘገበው ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ በጎ ፈቃደኞችን ነው፣ እነዚህም ከአገሪቱ አጠቃላይ ሕዝብ ይልቅ ጤነኞች መሆናቸው ታውቋል። ከዚያ የተሰላ «ጤናማ» ልክ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቀረጸ ሰው ሳይፈተሽ ሊሠራ አይችልም።

ልዩ ልዩ ማሽኖች ምልክቱን በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚቀርጹ፣ ሕሙማኑን በአንድ ሆስፒታል፣ ጤነኞቹን በሌላ ቀርጾ ማነጻጸር ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በስታትስቲክስ የማሽንን ልዩነት የሚያርሙ መንገዶች ቢኖሩም፣ ቡድንና ማሽን ሙሉ በሙሉ ከተደራረቡ የትኛው ልዩነት ከሕመሙ፣ የትኛው ከማሽኑ እንደመጣ ሊለይ የሚችል ስሌት የለም።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ጥናቱ ካለቀ በኋላ፣ የቡድን ልዩነት እንደ ግለሰብ ምርመራ ሲቀርብ ነው። የድባቴ ሕሙማን አማካይ ትስስር ከጤነኞች አማካይ ቢለይም፣ የሁለቱ ቡድኖች ሥርጭት በአብዛኛው ይደራረባል፤ በአሁኑ ጊዜ በመደበኛ የሕክምና አሠራር በተግባራዊ ትስስር ምስል ብቻ የሚመረመር የአእምሮ ሕመም የለም። ለጋዜጠኛ መግለጫ የሚሰጥ፣ ለሕሙማን ቤተሰብም መልስ የሚሰጥ ተመራማሪ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ተሳታፊ ነጥብ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ያቅርብ፤ ቤተሰቡ የልጁን ምስል ይዞ በየክሊኒኩ ገንዘብ እያወጣ ከመንከራተቱ በፊት መደራረቡን በዓይኑ ሊያይ ይገባዋልና።