ቤልት ከተቀየረ በኋላ ጠዋት የማይነሳ አሮጌ ናፍጣ ሞተር፦ ችግሩና መፍትሄው

ቤልት የምለው ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) እና ፖምፓውን (ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋውን) በልኩ የሚያዞርበት ጥርሳም ቀበቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ለ2ኤል፣ ለ3ኤል እና ለ5ኤል ሞተሮች ነው፤ ማለትም ለአሮጌዎቹ የቶዮታ ሚኒባሶችና ፒካፖች። ሽፋን ማውረድ፣ አንደኛውን ሲሊንደር በጭመቃ ጫፍ ላይ ማቆምና የኮሎውን፣ የካምሻፍቱንና የፖምፓውን ምልክቶች መለየት ለሚያውቅ ሰው ነው የምጽፈው። የማያውቅ ቤልቱን አይንካ። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ እስከ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) አፍ ድረስ ስለሚወጣ ስህተቱ ቫልቭ ያጣምማል።

ሞተሩ በጉዞ ላይ ድንገት ጠፋ፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከወትሮው ቀልሎት ያዞራል

ቤልቱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተልጧል። “አንዴ ልሞክረው” አትበሉ። ቴስታታው ይወርዳል።

ቤልቱ ዘይት ወይም ናፍጣ ጠጥቷል

የካምሻፍቱ ወይም የኮሎው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎማ) ያፈስሳል፤ ናፍጣ ከሆነ የፖምፓው ዘንግ ማሸጊያ ጎማ ነው። ምንጩ ሳይዘጋ አዲስ ቤልት ማልበስ ገንዘብ መጣል ነው።

ምልክቶቹ ሁሉ ገጥመዋል፤ ሞተሩ ግን ልክ አይደለም

ፑሌጃውን (ቤልቱ የሚያርፍበትን ጥርሳም መንኮራኩር) ከኮሎው ጋር የሚያስረው ትንሽ ብረት ተበልቶ ይሆናል። ብዙ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም የኮሎው ቡሎን በቅጡ ሳይጠብቅ ቀርቷል ማለት ነው።

ጠዋት በመከራ ይነሳል፤ ነጭ ጭስ ይለቃል፤ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም

ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛው መኪና ይህ ነው። ሹፌሩ ቤልት አስቀይሯል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይሠራል፤ ጠዋት ግን ባትሪው እስኪደክም ይለመናል፤ ሲነሳ ደግሞ ሰፈሩን በነጭ ጭስ ይሸፍናል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ያልነደደ ናፍጣ ይሸታል። የውሃ እንፋሎት ቢሆን ዓይን አያቃጥልም፤ ራዲያተሩም ይጎድል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ሲጨመርበት ትንሿ የናፍጣ መረጨት መዘግየት ወዲያው ትጋለጣለች። መኪናው አዋሽ ወርዶ ሲያድር ደህና ስለሚነሳ ሹፌሩ “ብርዱ ነው” ብሎ ይመለሳል።

ከዚያ ወጪው ይጀምራል። አንዱ ማሞቂያ ካንዴላ ያስገዛዋል፤ ሌላው ኢንጀክተር ያስፈትሸዋል፤ ሦስተኛው ፖምፓውን ያስወርደዋል። የደብረ ብርሃን መስመር የሚሠራ የ3ኤል ሚኒባስ ሹፌር “ጋሼ፣ ያልቀየርኩት ወንበሩን ብቻ ነው” ብሎኛል። ሽፋኑን ሳወርደው የፖምፓው ፑሌጃ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት። አራቱ አዳዲስ ካንዴላዎች ያልበደሉትን ነው የከፈሉት።

ምክንያቱ ፖምፓው ውስጥ ያለው ጠንካራ ሞላ ነው። ምልክቱ ልክ በሚገጥምበት ቦታ ላይ ሞላው ዘንጉን ሊያዞር ይገፋል፤ የሚከለክለው ቤልቱ ብቻ ነው። አሮጌው ቤልት ሲወጣ ፑሌጃው ከምልክቱ ይሸሻል። የቸኮለ መካኒክ በአንድ እጁ መልሶት በሌላው ቤልቱን ሲያለብስ ፑሌጃው ፈቀቅ ይልና ጥርሱ ከጎረቤቱ ይገጥማል። ከላይ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ “ተቃርቧል”። ተቃርቧል የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ገጥሟል ወይ ጥርስ ስቷል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ፖምፓው አንድ ጊዜ ስለሚዞር በፖምፓው ላይ የሳታችሁት አንድ ዲግሪ በኮሎው ላይ ሁለት ነው።

ጥርሱ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ከሆነ ነጩ ጭስ አይኖርም፤ ሞተሩ ብረት እንደሚቀጠቅጥ ሰው ይመታል። በዚያ ድምፅ ረጅም መንገድ አትሂዱ። የሳተው የካምሻፍቱ ጥርስ ከሆነ ደግሞ ጭመቃው ይወርዳል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ይታወቃችኋል።

መፍትሄው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ረዳቱ የፖምፓውን ዳዶ በመፍቻ ይዞ ፑሌጃውን ምልክቱ ላይ ያቁም፤ ቤልቱ ገብቶ እስኪወጠር አይልቀቅ። ስልክ ቢጠራም አይልቀቅ። ቤልቱ ከቴንሽነሩ (ቤልቱን ከሚወጥረው ኩሽኔታ) ተቃራኒ በሆነው ወገን ሳይላላ ይግባ፤ ትርፉ ሁሉ በቴንሽነሩ በኩል ይሰብሰብ። የቴንሽነሩን ቡሎን አላልታችሁ ሞላው ራሱ እንዲስብ ተዉት። ከዚያ ኮሎውን በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። በሞተሪኖ አይደለም። ወደ ኋላም አይደለም። የጭመቃ ክብደት ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ደርቆ ከቆመ ግን ቫልቭ ነክቷል፤ አታስገድዱት። ሦስቱም ምልክቶች ከተመለሱ ቡሎኑን አጥብቁ። አዲሱ ቤልት ላይ የተሳሉት መስመሮች ከሁለት ዙር በኋላ ስላልገጠሙ አትደንግጡ፤ እነሱ ለመግጠሚያ ብቻ ናቸው። የሚታየው የፑሌጃው ምልክት ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጥርስ መሳቱን ያወቀ መካኒክ ሽፋኑን ድጋሚ ማውረድ ሰልችቶት የፖምፓውን ማሰሪያ አላልቶ አካሉን በማዞር “ያካክሰዋል”። ጭሱ ይቀንሳል፤ ገንዘቡን ይቀበላል። ቀጣዩ መካኒክ ቤልቱን በትክክል ሲገጥም ሞተሩ ይበላሽበትና ጥፋተኛ ይሆናል። ስለዚህ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያሉትን ሁለት ጭረቶች እዩ። ከተለያዩ አንድ ሰው ከእናንተ በፊት ነካክቶታል፤ መጀመሪያ ቤልቱን አስተካክሉ፤ ከዚያ ጭረቶቹን አገናኙ።

ቤልቱ ያፏጫል ወይም ጠርዙ ይበላል

ፉጨቱ ብዙ ጊዜ በካቻቪቴ እየፈለቀቁ ከልክ በላይ ከመወጠር ይመጣል። ጠርዙ የሚበላው የቴንሽነሩ ኩሽኔታ ሲንገዳገድ ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ በናፍጣ አጥበው የሚመልሱ አሉ፤ ድፍን ኩሽኔታ ሲታጠብ ቅባቱ ይሄዳል፤ በናፍጣ ታጥቦ ሲደርቅ ቆንጆ ይመስላል፤ ከዚያ ይነክሳል፤ አዲሱን ቤልት ይዞት ይሄዳል። ቤልት ስትገዙ ኩሽኔታውንና ሞላውን አብራችሁ ግዙ። ማሸጊያው ያማረ፣ ጽሑፉ ግን በአውራ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ቤልት ለሻጩ መልሱለት። ታጥፎ የቆየ ቤልትም አትግጠሙ፤ ውስጡ ያለው ክር ይሰበራል።

የቲ-ቤልት መብራት

ቤልት የሚቀየርበት ጊዜ መድረሱን ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየው መብራት ነው፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይበራል። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ አምፖሉ ተነቅሏል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ወደ ኋላ ተመልሷል፤ አለመብራቱን እንደ ማስረጃ አትቀበሉ። በምን ያህል ኪሎ ሜትር ላይ እንደገጠማችሁት በቀለም ጽፋችሁ ከሽፋኑ ላይ ተዉት።