ጀልባ ውስጥ ቤንዚን ሲሸት፦ ሳይቀጣጠል ምንጩን ማግኘት

«የቤንዚን ጀልባ ቤንዚን ባይሸት ነበር የሚገርመው!» ይባላል እኛ ወሎ፣ ሐይቅ ዳር። እኔም ስል ከርሜአለሁ። ስህተት ነው። ደህና ጀልባ ካቢኑ ውስጥ ቤንዚን አይሸትም። ከሸተተ ወይ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ እየተነነ ነው፣ ወይ ደግሞ አንዱ በሃይላንድ ቀድቶ ወንበር ስር ወሽቆታል።

ክፍት ታንኳ ቢሆን ነፋሱ ይወስደዋል። ካቢን ያላት ጀልባ ግን ክዳን እንዳለው ድስት ናት። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወርዶ ከወለሉ ስር፣ ሞተሩና ባትሪው ባሉበት የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል። አየሩ ውስጥ 1.4 ከመቶ ያህል ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። የደሴ ውርጭ ምኑም አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍለጋ የለም። መጀመሪያ ሰው ይውረድ። ሐይቁ መሃል ከሆናችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሁሉም የሕይወት ጃኬት ለብሶ ከካቢን ይውጣ፣ በመቅዘፊያ ወደ ዳር ተጠጉ። ከዚያ በኋላ አንድም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። መብራቱንም፣ ማራገቢያውንም፣ ውሃ ማውጫ ፓምፑንም። «ልሞክራት» ብላችሁ ሞተሪኖ፣ ማለትም የሞተሩን ማስነሻ፣ እንዳትመቱ! ስልካችሁ የብስ ላይ ይቅር። ደግሞ ወሎ ነንና ጀልባ ላይም ቡና ማፍላት ያምረናል፤ ቤንዚን ባለበት ካቢን ከሰልና ዕጣን አይታሰብም። አቦሉም በረካውም የብስ ላይ ይጠጣ።

መስኮትና በሩን፣ የሞተሩንና የወለሉን መክደኛ ከፋፍታችሁ ነፋስ ይግባ። ረጅም ሰዓት ይፈጅ፣ ምን ቸገረን። አፍንጫችሁን ግን አትመኑት። ሩብ ሰዓት እዚያው ከቆማችሁ ይለምደውና «ጠፋ» ይላችኋል። አሁን ከከተማ የመጣ፣ ቤንዚን ያልነካ ሰው ጥሩና እሱ ያሽትላችሁ። እሱ ንጹህ ነው ሲል የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትታችሁ ሥራውን በቀን ብርሃን ጀምሩ። የእሳት ማጥፊያውን በእጃችሁ አቅራቢያ አድርጉ፣ የዱቄቱን። የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን መዝራት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚሸተው?

ይህን ጥያቄ ባለመጠየቄ ሁለት ቀን አጥፍቻለሁ። ፋሸታዎቹን (የጎማ ማሰሪያ ቀለበቶቹን) ሁሉ አጠበቅሁ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አስፈታሁ። ሽታው ግን የሚመጣው ሙሉ በሞላሁ ማግስት ብቻ ነበር! ሲሞላ ብቻ ከሸተተ ችግሩ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) አናት ላይ ነው፤ የመሙያው ጎማ፣ የመተንፈሻው ቱቦ፣ ወይም የነዳጅ መለኪያው የተቀመጠበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። የኔ ጓርኒሲዮን እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰነጣጥቆ ነበር። ግማሽ ድረስ ስሞላ ምንም፣ ሙሉ ስሞላና ማዕበል ሲንጠው ከላይ እየተንቸረፈፈ ይወጣል።

ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከሸተተ ከነዳጅ ፓምፑ እስከ ሞተሩ ያለውን ፈትሹ፣ በተለይ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ ተጣብቆ ቤንዚን እያጎረፈ እንዳይሆን። ጀልባዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ስትውል ከሆነ ደግሞ መተንፈሻው ወዴት እንደሚወጣ እዩ፤ አፉ ወደ ካቢኑ መስኮት ከዞረ ትነቱን መልሶ ያስገባዋል።

ከዚያ የነዳጁን መስመር ከታፖው (ከመሙያው ክዳን) እስከ ሞተሩ ተከተሉት። ሳትዘሉ። ነጭ ሶፍት ያዙና አንዱን መጋጠሚያ ጠርጉ፣ ወደ ውጭ ወጥታችሁ አሽቱት፣ ለሚቀጥለው ሌላ ሶፍት። ጎማውን ከታች በኩልም ዳስሱት፣ ጠብታ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ስታጥፉት ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ማስቲካ ከለሰለሰ አበቃለት። አንዳንዱ አሮጌ ጎማ ደግሞ ጠብታ ሳያሳይ በገላው ላብ እንደሚያልብ ሰው ትነት ያወጣል፤ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ግን ይሸታል።

ሲቀየር የመኪና ዕቃ አታስገቡ። ሞተሪኖና ዲናሞ በተለይ። ጋራዥ «ያው ነው፣ ይገጥማል» ይሏችኋል፣ እውነትም ይገጥማል። የጀልባው ግን ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የመኪናው አይደለም። ጎማውም ለጀልባ ነዳጅ የተሠራው ይሁን፣ መሙያው ላይ በሁለት ፋሸታ።

ጀሪካን ከሆነ የምትጠቀሙት ከጀልባ አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉት። አፍ እስከ ገደፉ አይሞላ፤ ኮምቦልቻ የተሞላ ጀሪካን ደሴ ሲደርስ ሆዱ ተነፍቶ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ከፍታውም ፀሐዩም ያነፋዋል። ካቢን ውስጥ አይደር። የሃይላንዱን ነገር አልደግመውም።

ወለሉ ስር የተጠራቀመ ቤንዚን ካገኛችሁ በጨርቅ ምጠጡትና ጨርቁን ክዳን ባለው ጣሳ ወደ ውጭ አውጡ። በፓምፕ ወደ ሐይቁ አትልቀቁት። አንደኛ ፓምፑ ራሱ ሊያቀጣጥለው ይችላል፣ ሁለተኛ ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የለቀቃችሁት ከቆሮሶው ጋር እዚያው ይቀራል።

ሲያልቅ ያን የሚሸትበትን ሁኔታ መልሱት። የኔ ሲሞላ ነበርና ሞላሁ፣ ከአፉ ትንሽ አጉድዬ። መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ አሳደርኩና ጠዋት ልጄን ጠራሁት። በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። «አባ፣ ዓሣ ዓሣ ይላል» አለኝ። ባትሪውን አሰርኩ፣ ማራገቢያውን ከአራት ደቂቃ በላይ አስኬድኩ፣ ከዚያ ነው ሞተሪኖ የመታሁት።