ሎሚዬ እንዴት ዳነች

ለገጣፎ ግቢያችን ያለችው ሎሚ ጥቅምት ላይ ቅጠሏ ጠቆረ። ጥቀርሻ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ስነካው እጄ ላይ ይጣበቃል። ግንዷ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ አየሁና ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ጣልኩ። ሁለት ጊዜ የጉንዳን መድኃኒት ረጨሁ፤ ለውጥ የለም።

አንድ ጠዋት ቅጠሏን ገልብጬ አየሁ። በመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ ከምስር ያነሱ፣ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ነገሮች ተለጥፈዋል። አንዱን በጥፍሬ ስፈነቅለው ጥፍሬ ረጠበ። ለካ ሕይወት አለው! ስኬል የሚባለው ተባይ ነው። አንድ ቦታ ተጣብቆ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ትርፉን እንደ ማር የሚያጣብቅ ጠብታ አድርጎ ያወጣዋል። ጥቁሩ ነገር በዚያ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ጉንዳኑም ለጣፋጩ ብሎ ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቅለታል።

በጣም የተጎዱትን ቅርንጫፎች ቆርጬ አቃጠልኩ። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ፈገፈግኩ። ወገብ ይቆርጣል፤ ግን ትልልቆቹን እንደዚህ የሚያነሳ አላገኘሁም። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይትና 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ፣ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ረጨሁ። እባካችሁ በጠራራ ፀሐይ እንዳትረጩ፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያም ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሩት። በየ10 ቀኑ 3 ጊዜ ደገምኩ፤ ትንንሾቹ ሽፋናቸው ሳይጠነክር ነው በቀላሉ የሚሞቱት። ግንዷን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ላዩን ግሪስ ቀባሁት። ጉንዳኑ መውጫ አጣ።

አሁን ጥር ነው። አዲሱ ቅጠል ንጹሕ አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል። የጎረቤቴ ብርቱካን ላይም አይቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ብሩሼን ይዤ እሄዳለሁ።