ሱባኤ ከመግባታችሁ በፊት ጀሪካኑን ማን እንደሚሞላ ጠይቁ

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ «ሰው ተቸግሮ እያለ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ የራስህን ብርሃን ትፈልጋለህ፤ ራስ ወዳድነት ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ግማሹ እውነት ባይሆን ኖሮ ግን እንደዛ አልናደድም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በፍልሰታ ሱባኤ ያዝኩ። ሌሊት ተነስቼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ነግቶ ልቤ ቅልል ብሎኝ እመለሳለሁ። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ እናቴ ታማለች፣ እህቴ ብቻዋን ስትቀዳ አድራ ዓይኗ ቀልቶ ቁርስ ታቀርብልኛለች። ሱባኤው የኔ፣ ድካሙ የሷ።

ስለዚህ ጾምም ይሁን ጽሞና ከመጀመራችሁ በፊት ቤተሰቡን ሰብስቡና እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት የናንተን ሥራ ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ተነጋገሩ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አይሠራም፤ እህቴም ታውቃለች። የወሰዳችሁትን ሰዓት በሌላ ሰዓት መልሱ። እኔ አሁን ውሃው በሚመጣበት ሌሊት ተራውን ወስጃለሁ። የቧንቧው ውሃ ስለሚቀጥን ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እስኪሞላ ሃምሳኛው መዝሙር ሁለቴ ይደገማል፣ አንዳንዴም ሦስቴ።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ብቻውን ለሚኖር መናኝ ያነሳው ጥያቄ ነበር፤ ብቻህን ከሆንክ የማንን እግር ታጥባለህ? በሌላ በኩል ቡድሃ መጀመሪያ ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ብርሃኑን ካገኘ በኋላ ግን 45 ዓመት ያህል ሲያስተምር እንደኖረ ይተረካል። ሐረር ያሉ ሙስሊም ጓደኞቼም በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ ገብተው መስጊድ ይሰነብታሉ፤ ግን ከኢድ ሶላት በፊት ፊጥራው፣ የጾም መፍቻ ምጽዋቱ፣ ለድሃ መድረስ አለበት። በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ ያየ ሰው ደግሞ ይገባዋል፤ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን ቦታ በዚያ ግንብ ውስጥ ከሰው ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ እየጸለያችሁ የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ ይሰማችኋል።

ሰውን በመርዳት ከራሳቸው የሚሸሹም አሉ፣ ይሄንንም የምለው ስለማውቀው ነው። የእድር ድንኳን ሲተክሉ ይውሉና ማታ ቤት ገብተው በልጆቻቸው ላይ ይጮኻሉ። እንደዚህ ከሆናችሁ እርዳታ አትጨምሩ፣ ዝምታ ጨምሩ። ድሬ ላይ ለዚህ የሚሆን ሰዓት አለ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ ግማሹ ከተማ ይተኛል፣ ግማሹ ይቅማል፣ ማንም አይፈልጋችሁም። ስልኩን ዝጉና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚመጣው ሰላም ሳይሆን የቂም ዝርዝር ነው፤ አትነሱ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው «ከድሮው ተሻልኩ ወይስ ባስኩ?» በሉት። እየመለሰ አታቋርጡት፣ ራሳችሁንም አትከላከሉ። እኔ እህቴን ስጠይቃት ትንሽ አሰብ አደረገችና «ተሻልክ፣ ግን ዳዊቱን ቀስ ብለህ ድገም፣ እንቅልፍ ከለከልከን» አለችኝ።