በአነስተኛ በጀት የመጀመሪያውን ጥራት ያለው ሄድፎን እንዴት መምረጥ ይቻላል?

ጥራት ያለው ሄድፎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመራው በዋጋ ወይም በታወቀ ስም ነው፤ ሁለቱም ግን ስለ ድምፁ የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ 283 ሄድፎኖች ከወፍራም እስከ ቀጭን ያሉትን ድምፆች ምን ያህል ሚዛን ጠብቀው እንደሚያሰሙ የሚያሳየውን ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያይቶ፣ በሁለቱ መካከል ዝምድና እንደሌለ አመልክቷል። ይህ በእጁ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ገዢ እውነተኛ የምሥራች ነው፤ ከ20 እስከ 120 የአሜሪካ ዶላር በሚደርስ ዋጋ የድምፅ ባለሙያዎች ሳይቀሩ የሚሠሩባቸው ሄድፎኖች ይገኛሉና። የብር ምንዛሪ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች በዶላር የተገለጹ ግምቶች ናቸው።

1. የት እንደሚያዳምጡ ይወስኑ

ከሁሉም ውሳኔዎች በፊት የሚመጣው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሄድፎኑን ዓይነት የሚወስነው የማዳመጫው ቦታ ነው። ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን ጆሮን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ የውጩን ድምፅ ይቀንሳል፤ የሚያዳምጡትንም ነገር አጠገብዎ ላለው ሰው አያሰማም። በቢሮ፣ በቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር በሚኖሩበት ቤት የሚሻለው ይህ ዓይነቱ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው ደግሞ በውጭ በኩል ወንፊት መሰል ቀዳዳዎች አሉት፤ አየር በነፃ ስለሚያስተላልፍ ጆሮን አያሞቅም፣ ድምፁም በጭንቅላት ውስጥ የታፈነ ሳይሆን በዙሪያ የተዘረጋ ይመስላል። የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን ክፍት ሄድፎን ካወጣ ወዲህ ሙዚቃን በጥሞና የሚያዳምጡ ብዙ ሰዎች የሚመርጡት ይህንን ዓይነት ነው። ችግሩ ድምፁ ወደ ውጭ መውጣቱ፣ የውጩም ሳይጋረድ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ በታክሲ ውስጥ ወይም የጄኔሬተር ድምፅ ባለበት ሰፈር አይሆንም። የራሱ ጸጥ ያለ ክፍል ያለው ሰው ግን ክፍቱን ሳይሞክር ሌላ እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሦስተኛው ዓይነት የጆሮ ቀዳዳን በላስቲክ ጫፍ የሚዘጋው ኤርፎን ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የቻይና አምራቾች በ20 እና በ30 ዶላር መካከል የሚሸጧቸው ባለ ገመድ ኤርፎኖች ጥራት እጅግ ከፍ ብሏል፤ በጀትዎ በጣም ጠባብ ከሆነና ጆሮዎ ውስጥ የሚገባ ነገር የማያስቸግርዎት ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ አማራጭ አያገኙም።

2. ከምን ጋር እንደሚያገናኙት ያረጋግጡ

ሄድፎን በሳጥኑ ላይ የሚጻፉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው በኦም የሚለካው ኢምፒዳንስ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ሌላው በዴሲቤል የሚገለጸው ምላሽ ሰጪነት ማለትም በተወሰነ ኃይል ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚሰማ የሚያሳየው ነው። ነገሩ በቀላል ስሌት ይገባል፦ 1 ቮልት የሚሰጥ ስልክ ለ32 ኦም ሄድፎን 31 ሚሊ ዋት ያህል ኃይል ሲያደርስ፣ ለ300 ኦም ሄድፎን የሚያደርሰው ግን ከ3 ሚሊ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በስልክ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ከ80 ኦም የማይበልጥና ምላሽ ሰጪነቱ በሚሊ ዋት 100 ዴሲቤል አካባቢ የሆነ ሄድፎን ቢመርጥ ማጉያ ለመግዛት ሌላ ወጪ አያወጣም። በዚህ ረገድ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም የሚሸጥ በመሆኑ፣ ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ስልኩ በቅጡ የማያንቀሳቅሰውን ሄድፎን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

የስልክዎን ቀዳዳም ይመልከቱ። ክቡ የ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ መግቢያ ከሌለው ዩኤስቢ ሲ ወደ ጃክ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልግዎታል። እነዚህ አዳፕተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ባዶ ሽቦ ብቻ ነው፤ በብዙ አዳዲስ ስልኮች ላይ ጨርሶ አይሠራም። ሌላው ዲጂታሉን ድምፅ ወደ ሄድፎን ምልክት የሚቀይር ትንሽ ቺፕ በውስጡ የያዘ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲጠይቁ በመልክ ስለማይለዩ በራስዎ ስልክ ላይ ሰክተው መሞከር ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ነው። የአፕል አነስተኛ አዳፕተር በ9 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ ሲሆን የድምፅ ጥራቱ ከዋጋው በላይ ነው፤ ይሁንና በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚወጣበት አጋጣሚ መኖሩን ማወቅ ይገባል።

3. ባለ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ?

ለመጀመሪያ ግዢ ባለ ገመዱን እመርጣለሁ። በብሉቱዝ ሄድፎን ውስጥ ከሚከፍሉት ገንዘብ ከፊሉ ለባትሪ፣ ለማይክሮፎንና ለሽቦ አልባው ቺፕ ይውላል፤ ባትሪውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲዳከም በአብዛኛው ሊቀየር ስለማይችል ሄድፎኑ እንደ ደህና ዕቃ አብሮዎት አይዘልቅም። በብዙ የብሉቱዝ ሄድፎኖች ላይ የሚገኘው፣ የውጭ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋው ዘዴ እንደ አውቶቡስና አውሮፕላን ሞተር ያለውን ወፍራምና ተከታታይ ድምፅ በደንብ ይቀንሳል፤ የሰው ንግግርን ግን ያን ያህል አይከለክልም። አብዛኛው ጊዜዎ በጉዞ የሚያልፍ ከሆነ ይህ ጥቅም ገመዱን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

4. ሁለት ወይም ሦስት እጩዎችን ብቻ ይያዙ

ገበያው ሰፊ ስለሆነ ዝርዝርን ማሳጠር ያሳርፋል። እኔ ለጀማሪ የምጠቁማቸው ለብዙ ዓመታት ሳይለወጡ የተሸጡትን ነው፤ የቆየ ሞዴል ጠንካራና ደካማ ጎኑ ታውቋል፣ መለዋወጫም ይገኝለታል።

የአሜሪካው ኮስ ኩባንያ ፖርታ ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በመሠረቱ በዚያው ቅርጽ እየተሸጠ ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ጆሮ ላይ የሚያርፍ፣ ክፍት፣ 60 ኦም የሆነና በማንኛውም ስልክ የሚሠራ ነው። ዋጋው ከ50 ዶላር አይርቅም። ባሱ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ያብጣል፤ ድምፁ ግን ሞቅ ያለና ለረጅም ሰዓት የማያደክም ነው።

የሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ፣ በስቱዲዮዎችና በሬዲዮ ጣቢያዎች በስፋት የሚታይ ዝግ ሄድፎን ሲሆን 100 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። በቀረጻ ውስጥ ያለን ትንሽ ጉድለት ሳይቀር ያጋልጣል። ቀጭን ድምፆች ላይ ጠንከር ስለሚል ግን ጆሮው ለዚህ ስስ የሆነ ሰው ሊከብደው ይችላል፤ የተጠቀለለው ረጅም ገመዱም አይነቀልም፣ በመንገድ ላይ ለመያዝም አይመችም። በዚያው ዋጋ የሚገኘው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም40ኤክስ ተነቃይ ገመድ አለው፤ ገመዱ ቢበጠስ ሌላ ገዝቶ መሰካት ብቻ ነው። ገመድ ከሄድፎን ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ ከሚበላሹት አንዱ ስለሆነ፣ በሁለት ተቀራራቢ ሄድፎኖች መካከል ሲያመነቱ ተነቃይ ገመድ ያለውን ይውሰዱ።

5. በሚያውቁት ድምፅ ይፈትኑት

ሻጩ በሚያጫውተው፣ ባሱ በሚደበድብ ዘፈን ላይ ተመሥርቶ መግዛት አይገባም። በልጅነትዎ የሰሙትን፣ እያንዳንዱን ዝርዝር የሚያውቁትን ቀረጻ በስልክዎ ይዘው ይሂዱ። የቀረጻው ፋይል ጥሩ ይሁን፤ በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ብዙ ዘፈኖች ደጋግመው የተጨመቁ ስለሆኑ ሄድፎኑ ጥፋተኛ ባልሆነበት ይወቀሳል። ቢቻል በሰከንድ በ256 ወይም በ320 ኪሎ ቢት የተቀመጠ ፋይል ይምረጡ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፋይሉ የተጨመቀው በጥቂቱ ነው። ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ ቀረጻ ጥሩ ሄድፎን ላይ የካሴቱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ጎልቶ ቢሰማ አይደንግጡ፤ ሄድፎኑ ሥራውን እየሠራ ነው።

የአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ለዚህ ፈተና የተዋጣላቸው ናቸው። ከበገና ይጀምሩ። በአውታሮቹ ሥር የሚገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ የሚፈጥረው ነዛሪ ድምፅ ከወፍራሙ መሠረት በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ያስከትላል። በጥሩ ሄድፎን ላይ ወፍራሙ መሠረትም ንዝረቱም ለየብቻቸው ተለይተው፣ ግን እንደ አንድ መሣሪያ ድምፅ ሆነው ይሰማሉ፤ በደካማው ላይ ንዝረቱ ወደ ድፍን ጉርምርምታ ይለወጣል፣ ወይም መሠረቱ ጠፍቶ ዝንብ የሚመስል ድምፅ ብቻ ይቀራል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራው ነጠላ አውታሩ ሲፋቅ የሚሰጠው ሻካራነት የመካከለኛውን ድምፅ እውነተኛነት ያሳያል፤ ሻካራነቱ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ሄድፎኑ እዚያ ቦታ ላይ አጋንኗል፣ ለስልሶ ክራር የሚመስል ከሆነም አፍኗል። በማኅሌት ወይም በመዝሙር ቀረጻ ደግሞ የከበሮውን ሰፊና ጠባብ ጎን ይለዩ፤ ሁለቱ የተለያየ ድምፅ አላቸው፣ ባሱ የሚያብጥ ሄድፎን ግን ሁለቱንም አንድ ዓይነት «ዱም» ያደርጋቸዋል። በመጨረሻ ንግግር ያዳምጡ፦ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ሲነገሩ የሚያፏጩና የሚያስከፉ ከሆነ በረጅም ጊዜ ማዳመጥ ውስጥ ይህ ያደክምዎታል።

ሁለት ሄድፎኖችን ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ። ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ያለዚህ ጥንቃቄ የሚደረግ ውድድር ዋጋ የለውም።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ጥቂት ሰዎች ቢያደርጉትም አስፈላጊ ነው። ዘፋኙ ብቻውን የሚሰማበትን ክፍል ያጫውቱ። ድምፁ በጭንቅላትዎ መሃል መቀመጥ አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የግራና የቀኝ ድምፅ ማውጫዎች አይመጣጠኑም፤ ቦታ አጥቶ ዙሪያውን የተበተነ ከመሰለ ደግሞ የአንዱ ወገን ሽቦ ተገልብጦ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል መልሰው ይስጡት።

6. ምቾቱን በትዕግሥት ይመዝኑ

ለደቂቃ ያህል አድርጎ ማውለቅ ምንም አይነግርም፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ያድርጉት። መነጽር የሚያደርግ ሰው እጀታው በስፖንጁና በቆዳው መካከል ክፍተት ፈጥሮ ባስ እንደሚያስቀንስ ማወቅ አለበት፤ ሹሩባ የተሠራች ሴት ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ስፖንጁን በእጅዎ ጫን ሲያደርጉት ባሱ ድንገት ከጨመረ፣ ሄድፎኑ ራስዎ ላይ በቅጡ አልገጠመም ማለት ነው።

7. ከየትና እንዴት እንደሚገዙ

መርካቶም ሆነ ቦሌ ያሉ ሱቆች ውስጥ ከትክክለኛው ይልቅ የታወቀ ብራንድ ስም የተለጠፈበት ኮፒ ሊያጋጥም ይችላል። «ኦሪጅናል ነው?» ተብሎ ለሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ ስለሚታወቅ፣ የሚሻለው ማስረጃ መፈለግ ነው፦ በዕቃውና በሳጥኑ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ይመሳሰል፤ ጽሑፉ ጥርት ያለና የፊደል ስህተት የሌለበት ይሁን፤ ክብደቱ አምራቹ ከጻፈው ጋር ይቀራረብ፤ ዋጋው ውጭ አገር ከሚሸጥበት እጅግ ካነሰም ይራቁ። ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ችግር ቢገኝበት በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀየር ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ከሕጋዊ አከፋፋይ እንዲገዛልዎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ ነው። ይሁን እንጂ ታሽጎ እንዲመጣ አይጠብቁ። የመመለሻው ጊዜ የሚያልፈው ዕቃው ሻንጣ ውስጥ እያለ ስለሆነ፣ ዘመድዎ እዚያው ከፍቶ በግራም በቀኝም እንዲሞክረው ይለምኑት።

8. ከገዙ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፁ እንግዳ ቢመስልዎ አይፍረዱ፤ ስፖንጁ ይለሰልሳል፣ ጆሮም ይለምዳል። ከዚያ በኋላ የሚጎላብዎ ወይም የሚያንስብዎ ነገር ካለ በስልክዎ ላይ ያለውን ኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ ይጠቀሙ። አንዱን ድምፅ ከፍ ከማድረግ ይልቅ የበዛውን ዝቅ ማድረግ ድምፁ እንዳይሰባበር ይረዳል፤ ለምሳሌ ፖርታ ፕሮ ላይ ባሱን በጥቂት ዴሲቤል መቀነስ የንግግሩንና የክራሩን ድምፅ ወዲያው ያጠራዋል።

የድምፁ መጠን ላይ ቸልተኛ አይሁኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው አደጋ የማያስከትል ብሎ ያስቀመጠው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ይህ ጊዜ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ዝግ ሄድፎን ወይም በደንብ የሚገጥም ኤርፎን የውጩን ጫጫታ ስለሚጋርድ በዝቅተኛ ድምፅ ለማዳመጥ ያስችላል፤ ጫጫታ ባለበት መንገድ ክፍት ሄድፎን ያደረገ ሰው ግን ሳያውቀው እየጨመረ ይሄዳል።

ገመዱን ሲነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን ጃኩን ይያዙ፤ በስልኩ ላይ ጠቅልሎ ማሰርም ከጃኩ ሥር ያለውን ሽቦ ይሰብራል። የሶኒው ስፖንጅ ሽፋን ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ጥቁር ብጣሽ ጆሮ ላይ ያስቀራል፤ ይህ ሲጀምር ሄድፎኑን መጣል አያስፈልግም፣ ተለዋጭ ስፖንጅ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ውፍረቱ ወይም የተሠራበት ቁስ የተለየ ስፖንጅ ግን ድምፁን ስለሚለውጥ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ይግዙ።